ከጋራ የኪራይ ውል የወጣሁበት መንገድ
አብሮኝ ከተከራየው ጓደኛዬ ጋር ከተኳረፍን በኋላ ዕቃዬን ሸክፌ ብወጣ ነገሩ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። ውሉን ደግሜ ሳነበው ግን ሁለታችንም በአንድነትና በነጠላ ኃላፊዎች መሆናችንን፣ ማለትም እሱ ኪራይ ቢያቋርጥ አከራዩ ሙሉውን ዕዳ ከእኔ ብቻ ሊጠይቅ እንደሚችል ተረዳሁ። ስለዚህ የምለቅበትን ቀን ለአከራዩ በጽሑፍ አስታውቄ የሚተካኝን ሰው አቀረብኩ፤ ከብዙ መመላለስም በኋላ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከግዴታው ነጻ መሆኔን የሚገልጽ የውል ማሻሻያ አራታችንም ፈረምን። ሊያናግረኝ እንኳ ፈቃደኛ ያልነበረው ጓደኛዬ የተስማማው፣ ቅሬታዬን ሁሉ ትቼ ስለ ቀንና ስለ ገንዘብ ብቻ ስጽፍለት ነው (ሦስቱን የቁጣ ደብዳቤዎች እንኳንም አልላክኋቸው)። ከመያዣው ገንዘብ ድርሻዬን ተተኪው ከፈለኝ። በመጨረሻም የቆጣሪዎቹን ንባብና የተሰነጠቀውን የመታጠቢያ ቤት መስታወት ፎቶ አንስቼ ቁልፉን በፊርማ አስረከብኩ።