ቆዳው አዲስ፣ ሆዱ ፍጭ፦ ባለ ሁለት ንብርብር ፕላስቲክ በኢንጀክሽን ማሽን ለማምረት

የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃችን ከውጭ ነው የሚመጣው። እዚህ አገር ከነዳጅ ፕላስቲክ የሚሠራ ፋብሪካ የለም። ዶላር ሲጠፋ ጥሬ ዕቃ ይጠፋል፣ ፕላስቲኩን አቅልጦ ወደ ሞልድ (ቅርጽ ማውጫ) የሚገፋው ኢንጀክሽን ማሽንም ይቆማል። በዚያው ግቢ ጥግ ላይ ግን የተፈጨ አሮጌ ፕላስቲክ፣ ፍጭ የምንለው፣ በማዳበሪያ ተከምሮ ይውላል። ምናለሽ ተራ ብትወርዱ ደግሞ ቆራሌው ከየሰፈሩ የለቀመውን ስባሪ በኪሎ ታገኛላችሁ። የፍጭ ችግሩ መልኩ ነው። ጠቁሯል፣ ቀለሙ ተደበላልቋል፣ ነጭ በርጩማ የሚፈልግ ደንበኛ ዞር ብሎም አያየውም።

መላው ፍጩን ሆድ ማድረግ፣ አዲሱን ጥሬ ዕቃ ቆዳ ማድረግ ነው። ሳንድዊች ሞልዲንግ ይሉታል። አዲስ ነገር አይደለም፤ የእንግሊዙ አይሲአይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1970 አካባቢ ያወጣው ዘዴ ነው። እዚህ የምጽፈው አንድ ክብ የበርጩማ መቀመጫ ስንሠራ ያየሁትን ነው። መቀመጫው ፒፒ (ፖሊፕሮፒሊን) ከሚባለው ፕላስቲክ ነው የሚሠራው፣ ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 400 ግራም፣ ጌቱ (ፕላስቲኩ የሚገባበት ቀዳዳ) መሐሉ ላይ።

መጀመሪያ ሞልዱ ውስጥ የሚሆነውን እንይ። የቀለጠ ቅቤ ቀዝቃዛ ሳህን ላይ ስታፈሱ ሳህኑን የነካው ወዲያው ይረጋል፣ መሐሉ ግን ገና ይፈሳል። ሞልዱም እንዲሁ ነው። ቀድሞ የገባው ፕላስቲክ ግድግዳውን ሲነካ ይረጋና ቆዳ ይሆናል። ኋላ የገባው በመሐል እየሮጠ የፊተኛውን ወደ ዳር ይገፋዋል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ቆዳ፣ ሆድ፣ እንደገና ትንሽ ቆዳ ነው። የመጨረሻዋ ቆዳ ጌቱን ትዘጋለች፣ ኖዝሉንም (የማሽኑን አፍንጫ) ታጸዳለች። እሷን የዘለለ ሰው በሚቀጥለው ሾት (ምት) ነጩ መቀመጫ መሐል ላይ ጥቁር ጭራ ያገኛል።

ለዚህ ሁለት ባሬል (ፕላስቲኩ የሚቀልጥበት ቱቦ) ያለው ማሽን ያስፈልጋል። ውድ ነው። ረከስ ያለው አማራጭ ሞኖ ሳንድዊች የሚባለው ነው፤ ከጎን ትንሽ ኤክስትሩደር (ፕላስቲክ አቅልጦ የሚገፋ ማሽን) ይገጠምና የቀለጠውን ቆዳ በዋናው ባሬል አፍ ላይ ያስቀምጣል፣ ከኋላው ሆዱ ይተኛል፣ ስክሪው (ባሬሉ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ዘንግ) ሁለቱንም በአንድ ግፊት ይልካቸዋል። በተራ ባለ አንድ ባሬል ማሽን ግን ይህን አትሞክሩ። እሱ ካላችሁ አንዱን ክፍል ቀድማችሁ ሠርታችሁ ሁለተኛ ሞልድ ውስጥ ማስቀመጥና ላዩ ላይ ሌላ ፕላስቲክ ማፍሰስ ይሻላል። ለስላሳ መያዣ ያለው የጥርስ ብሩሽ በዚህ መንገድ ይሠራል።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ሆዱ ከቆዳው ትንሽ ወፈር ብሎ፣ ማለትም ዘግየት እያለ፣ መፍሰስ አለበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ እኔም ተሳስቻለሁ። ሆዱ ከቆዳው ከቀጠነ መሐሉን ሰንጥቆ ይሮጥና ዳር ላይ ቆዳውን በስቶ ይወጣል። ከመጠን በላይ ከወፈረ ደግሞ ጌቱ አጠገብ ተከምሮ ይቀራል፣ ዳር አይደርስም። ፒፒ ደግሞ በቀለጠ ቁጥር የሞለኪውሉ ሰንሰለት እየተበጠሰ ይቀጥናል። ያ ማለት የራሳችሁ የበርጩማ ስባሪ ተመልሶ ሲፈጭ ከአዲሱ ይልቅ ቀጭን ሆኖ ነው የሚፈሰው፤ ለሆድ የማንፈልገው ጠባይ ነው።

ለዚህ ጥሩ መፍትሔ የሚገኘው ከማዳበሪያ ነው። የተሸመነው የእህልና የስኳር ማዳበሪያ ፒፒ ነው፣ ግን ለክር የተሠራ ፒፒ ስለሆነ ወፍራም ነው። የፍሰት ቁጥሩ (ሲያንስ ወፍራም፣ ሲበዛ ቀጭን ማለት ነው) ብዙ ጊዜ 3 አካባቢ ነው፣ ለኢንጀክሽን የሚሠራው ደግሞ 10 እና ከዚያ በላይ። የማዳበሪያ ፍጭ ሆድ ሲሆን፣ የፍሰት ቁጥሩ 12 የሆነ አዲስ ፒፒ ቆዳ ሲሆን፣ ሁለቱ ይስማማሉ። የፍሰት መለኪያ መሣሪያ ከሌላችሁ ሁለቱንም በየተራ በአንድ ባሬል፣ በአንድ ሙቀትና በአንድ ፍጥነት አስወጡና የማሽኑ መቆጣጠሪያ ስክሪን ላይ ግፊቱን አንብቡ። ከፍ ያለ ግፊት የጠየቀው ወፍራሙ ነው።

ቢጫውን የዘይት ጄሪካን ግን ከዚህ አርቁት። እሱ ፖሊኤትሊን ነው፣ ከፒፒ ጋር በደንብ አይያያዝም። ዛሬ ያምራል፣ ነገ ሰው ሲቀመጥበት ቆዳውና ሆዱ ይላቀቃሉ። ውኃ ላይ መጣል አይለያቸውም፣ ሁለቱም ይንሳፈፋሉ። ከሥር ያለውን ሦስት ማዕዘን ምልክት ተመልከቱ፣ 2 ከሆነ ጄሪካኑ ነው፣ 5 ከሆነ ፒፒ። ምልክት ከሌለው በጥፍር ፋቁት፣ ፖሊኤትሊን ቶሎ ይጫራል።

ማዳበሪያውን እጠቡት፣ በደንብ። የሲሚንቶ ብናኝ ስክሪውን ይበላል። ፒፒ ራሱ ውኃ አይጠጣም፣ የታጠበ ፍጭ ላይ የቀረ ጠብታ ግን ባሬል ውስጥ እንፋሎት ይሆንና ሆዱን እንደ እንጀራ ያደርገዋል፣ ዓይን በዓይን። በ80 ዲግሪ ለ2 ሰዓት አድርቁት። ሆፐሩ (ጥሬ ዕቃው የሚጨመርበት አፍ) ላይ ማግኔት አስቀምጡ፣ አንዲት የስቴፕል ሽቦ ኖዝል ትዘጋለች።

ሙቀቱን እንዲህ ጀምሩ፦ ቆዳውን 220፣ ሆዱን 205 ዲግሪ፣ ሞልዱን ከ30 እስከ 40። ሆዱን ቀዝቀዝ ማድረግ ራሱ ትንሽ ያወፍረዋል።

ከዚያ ሆዱን ዘግታችሁ በቆዳ ብቻ ሙሉ ዕቃ አውጡ። 400 ግራም መሆኑን መዝኑ። አሁን ሆዱን በ40 ግራም ጀምሩ፣ የቆዳውን የመጀመሪያ ምት በዚያው ልክ ቀንሱ፣ 20 ግራም ለመዝጊያ አስቀሩ። ሦስት ዕቃ አውጡና ቁረጧቸው። ከዚያ 20 ግራም ጨምሩ። እንደገና ቁረጡ።

ስለ መቁረጥ በደንብ ላውራ፣ ምክንያቱም ሰው ይሰለቸዋል። በመጋዝ ከጌቱ ጀምራችሁ እስከ ጠርዙ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡት፣ በሁለት አቅጣጫ፣ መስቀል አድርጋችሁ። ፊቱን በአሸዋ ወረቀት አለስልሱት። ነጭ፣ ጥቁር፣ ነጭ መስመር ይታያችኋል። ቆዳውን በካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ጌቱ አጠገብ፣ መሐል መንገድ ላይና ጠርዙ አጠገብ ለኩት። ጥቁሩ ከጠርዙ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀደም ብሎ ማለቅ አለበት። በአንድ በኩል ብቻ ዳር ደርሶ በሌላው ከቀረ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ጥሬ ዕቃው ላይ አይደለም፤ የሞልዱ የውኃ መስመር በአንድ በኩል በዝገት ተደፍኗል ማለት ነው። ሄዳችሁ ቱቦውን እዩት።

እኔ በመጀመሪያው ቀን ቸኩዬ በ160 ግራም ጀመርኩ። ላዩ ነጭ፣ አሪፍ። ሃምሳ ካወጣን በኋላ አንዱ ልጅ መቀመጫውን ገልብጦ ጠርዙን በጣቱ አሳየኝ። የጤፍ ፍሬ የምታክል ጥቁር ነጥብ ነበረች። ስንቆርጠው ሆዱ ጠርዙ ድረስ ሄዶ ቆዳው እንደ ወረቀት ቀጥኗል። ሃምሳውም እንደዚያው። ዝቅ እያደረግን መጥተን 120 ግራም ላይ ቆምን፣ ማለትም 30 በመቶ። ከዚያ በላይ የሚሄድ ዕቃ አለ፣ ግን ክብ ያልሆነና ብዙ የጎድን አጥንት (ማጠንከሪያ ክንፍ) ያለው ሞልድ ከሆነ ከዚህም ዝቅ ማለት አይቀርም። ሂሳቡን እዩት፦ በ1,000 መቀመጫ 120 ኪሎ አዲስ ጥሬ ዕቃ ቀረ። በ25 ኪሎ ከረጢት አምስት ሊሞላ ምንም አልቀረው።

ቆዳው ይበልጥ እንዲወፍር ከፈለጋችሁ ቀስ ብላችሁ አስገቡ ወይም ሞልዱን ቀዝቀዝ አድርጉ። ከቆዳ ወደ ሆድ ስትቀይሩ ግን አትቁሙ። ለአፍታ እንኳ ፍሰቱ ከቆመ ላዩ ላይ የቀለበት ምልክት ይቀራል። ማሽኑ ከፈቀደ የቆዳው መጨረሻና የሆዱ መጀመሪያ ትንሽ ይደራረቡ። ማቀዝቀዣ ጊዜ ላይ አትሰስቱ፣ ውፍረት እጥፍ ሲሆን የሚፈልገው ጊዜ ወደ አራት እጥፍ ነው የሚሄደው።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ። ምንጩ ያልታወቀ ፍጭ የምግብና የውኃ ዕቃ ሆድ ውስጥ አይግባ። የፒፒ ቆዳ ኬሚካል አያግድም፣ ትንሽ በትንሽ ያሳልፋል። ቆራሌው የሰጣችሁ ዕቃ ትናንት ምን እንደያዘ አታውቁም። በርጩማ፣ መጥረጊያ እጀታ፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ እነዚህ ይበቃሉ። ለገዢውም ሆዱ ፍጭ መሆኑን ንገሩት።

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ መጀመሪያ ኖዝሉን ከሞልዱ አርቁ። ሙቀቱ ቁጥሩ ላይ ደረሰ ብላችሁ ወዲያው ስክሪውን አታዙሩ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጠብቁ፤ መሐሉ ገና ያልቀለጠ ፕላስቲክ ስክሪውን ይሰብራል። ከዚያ ሁለቱንም ባሬል አስተፉ፣ የፊት መከላከያና ጓንት አድርጋችሁ፣ ከኖዝሉ ፊት ሳትቆሙ። በሆዱ ባሬል ውስጥ የቆየው ፍጭ ይቃጠላል፣ ሽታው ይለወጣል፣ ንጹሕ እስኪመጣ አውጡት። የመጀመሪያዎቹን 10 መቀመጫዎች ወደ መፍጫው መልሱ። 11ኛውን ቁረጡት።