ማዳበሪያ ሲቀድም ዕቃችሁን እንዴት ታስገባላችሁ?

ቢሮዬ ለገሃር ነው፤ በመስኮቴ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ይታየኛል። ትራንዚተር ነኝ፤ የነጋዴን ዕቃ ከወደብና ከጉምሩክ አስወጣለሁ። በየዓመቱ በልግ ሲመጣ ያው ስልክ ይደወላል። «ኮንቴይነሬ ጅቡቲ ገብቷል፤ መኪና ግን ጠፋ። ምን ጉድ ነው?»

ጉዱ ማዳበሪያ ነው፤ መኪናው በቅድሚያ እሱን ይጭናል።

መንግሥት ሲቸግረው መርከቡንም መኪናውንም ወደ ራሱ ያዞራል። የእኛ አገር አመል ብቻ አይደለም። እንግሊዞች በ1974 ዓ.ም. ለፎክላንድ ጦርነት የሽርሽር መርከብ ሳይቀር ወስደው ወታደር ጭነውበታል። አሜሪካኖች ለክፉ ቀን የሚሆኑ የጭነት መርከቦች አስረው ያስቀምጣሉ፤ ትእዛዝ ሲመጣ በቀናት ውስጥ ይነሳሉ። ቃኘው ሻለቃም በ1943 ሚያዝያ ከዚሁ ከለገሃር በባቡር ጅቡቲ ወርዶ ኮሪያ የሄደው በአሜሪካ መርከብ ነው። የእኛ ንግድ መርከብ ገና አልተወለደም ነበር።

ወደ እናንተ ዕቃ ልመለስ። መጀመሪያ የቀን መቁጠሪያ አውጡ። ለመኸር የሚሆነው ማዳበሪያ ሰኔ ሳይገባ ገበሬው ጋ መድረስ አለበት። ስለዚህ ከየካቲት እስከ ግንቦት ግፊያው ይበረታል። «ኤልሲ (ባንክ ለሻጩ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) የሚከፈትበት ቀን በእጄ አይደለም» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። ሻጩ የሚጭንበትን ቀን ግን መደራደር ትችላላችሁ።

በመልቲ ሞዳል አስጭኑ፤ ባሕሩንም የብሱንም አንድ አጓጓዥ በአንድ ውል ይይዘዋል ማለት ነው። ይህን ምክር በገንዘብ ነው የገዛሁት። በ2008ቱ ድርቅ 10.2 ሚሊዮን ሰው እርዳታ ፈልጎ ነበር፤ ስንዴና ማዳበሪያ የጫኑ መርከቦች ጅቡቲ ደጅ ተሰለፉ። እኔ ደግሞ የአንድ ደንበኛዬን ሁለት ኮንቴይነር ሴራሚክ በዩኒ ሞዳል፣ ማለትም ከጅቡቲ ወዲህ መኪናውን ራሳችን በምንፈልግበት፣ አስመጥቼ ቁጭ። መኪና ስፈልግ ሳምንታት አለፉ፤ የወደብ ኪራዩና ዲመሬጁ (ኮንቴይነር ሲዘገይ የሚከፈለው) ይቆጥራል። ሰውዬው እስከ ዛሬ ሰላም ሲለኝ ፊቱ አይፈታም። መልቲ ሞዳል ቢሆን ኖሮ ዕቃው ሞጆ ደረቅ ወደብ እስኪደርስ ጣጣው የአጓጓዡ ነበር። ይፈጥናል አላልኩም። ሂሳቡ ግን እናንተ ላይ አይወድቅም።

በባቡር ይጫንልኝ ብላችሁም ጠይቁ። ባቡሩም ማዳበሪያ ይጭናል፤ ቢሆንም መጠየቅ አይከፋም። ዕቃችሁ መድኃኒት ወይም የሕክምና መሣሪያ ከሆነ ደግሞ ዝም ብላችሁ አትሰለፉ። ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይዛችሁ ቅድሚያ ጠይቁ።

መንገዱንም እዩ። ከቻይና የሚመጣ መርከብ ባብ ኤል መንደብን ሳያልፍ ጅቡቲ ይደርሳል። ከቱርክ ወይም ከጣሊያን የሚመጣው ግን በቀይ ባሕር ነው መንገዱ። ከኅዳር 2016 ወዲህ የሁቲዎችን ጥቃት ፈርተው ብዙ መርከቦች አፍሪካን ዞረው መጥተዋል። ሳምንታት ጨምሩበት። ተራው የባሕር ኢንሹራንስ ጦርነትን አይሸፍንም፤ ለብቻው ይገዛል። እሱም ዕቃው የብስ ላይ ከወረደ በኋላ አይሠራም። ውሉን ሳትፈርሙ አንብቡት። አብዛኛው ደንበኛዬ አያነብም።

ሰነድ ደግሞ መርከቡ ሳይደርስ ይጠናቀቅ። ኢንቮይሱ (የሻጩ የዋጋ ሰነድ) ላይ 480 ካርቶን፣ ፓኪንግ ሊስቱ (የዕቃው ዝርዝር) ላይ 408 ከሆነ ተራ ቢደርሳችሁም አትወጡም።

ስትደውሉልኝም የቢል ኦፍ ሎዲንጉን (መርከቡ ዕቃውን ለመጫኑ የሚሰጠው ሰነድ) ቁጥር ያዙ። ባለፈው አንዱ «ሰማያዊው ኮንቴይነር» ብሎኝ ዘጋው።