አቦሉን ፉት ብሎ መሮጥ፦ የሚጽፍ ሰው ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የምኖረው ደሴ ነው። መስኮቴን ስከፍት ጦሳ ፊት ለፊት ነው። ባለፈው ክረምት ግን ወር ሙሉ ተራራውን አላየሁትም። የጉሙ ጥፋት አይደለም፤ ቀና ማለት ትቼ ነው። መጨረሻ ላይ ከመጻፍ ብዛት ዝዬ አንዲት አንቀጽ ግማሽ ቀን ትፈጅብኝ ጀመር። እንዲህ ነበር የተሳሳትኩት።

«ይህቺን ልጨርስና አርፋለሁ» ማለት። ሁሉንም ያመጣው ይሄ ነው። ይህቺ ስታልቅ ሌላዋ ትመጣለች። የወሎ ገበሬ ጁምዓውን ወይ ሰንበቱን የሚያከብረው እርሻው ስላለቀለት አይደለም፣ ቀኑ ስለደረሰ ነው። እኔም አሁን እሑድን ዘግቻለሁ፤ የተጀመረ ጽሑፍ ቢኖርም።

ቡናን እንደ ነዳጅ መቁጠር። አከራዬ ጀበና ሲጥዱ ይጠሩኛል። አቦሉን ፉት አደርግና እነሳ ነበር። አንድ ቀን «ልጄ፣ በረካው ሳይደርስ የት ትሮጣለህ? ቡናው እኮ ለጨዋታው ነው» አሉኝ። አፍሬ ተቀመጥኩ። ቶናው ተቀዳ፣ ከጎረቤት ስለጠፋችው ጥጃ ወሬ ተነሳ፣ በረካው ላይ ተመረቅን። የተጣበቀብኝ ዓረፍተ ነገር ተፈታ ብል ደስ ባለኝ፤ አልተፈታም። ትከሻዬ ግን ቀለለኝ። ሰዓቱን ግን ልብ ማለት ነው። የካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ማታ 2 ሰዓት የተጠጣ ቡና ሌሊት 7 ሰዓትም እኩሌታው አብሮን ነው።

ስልክ መጎርጎርን እረፍት ማለት። ቀኑን ሙሉ ፊደል ሲያይ ለዋለ ዓይን ቴሌግራም ሌላ ፊደል ነው። ሽንኩርት መክተፍ ይሻላል።

ላፕቶፕ አንጠልጥሎ ሽርሽር መሄድ። ሐይቅ ከተማ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጻሕፍት ያሰባሰቡበት የእስጢፋኖስ ገዳም እዚያ ነው። ለጸሐፊ ከዚህ የተሻለ ሰበብ የት ይገኛል ብዬ ሄድኩ። ያዘዝኩት ዓሣ ቀዘቀዘ። ውሃውን ያየሁት ባትሪዬ ሲያልቅ ነው።

ዝለትን ስንፍና ብሎ ራስን መሳደብ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ይህን ዝለት (በእንግሊዝኛ burnout የሚባለውን) ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ መዝግቦታል፤ በሽታ አላለውም። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ ጉልበት ማለቅ፣ ሥራውን መጥላት፣ ሥራው እንደ ቀድሞው አልሳካ ማለት። እኔን የያዘኝ ሁለተኛው ነበር፤ የገዛ ጽሑፌን ማየት አስጠላኝ። እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት እምቢ ካሉ ግን ወደ ሐኪም ነው።

እስኪደርቁ መጻፍ። የሚቀጥለውን እያወቅሁ ማቆም የጀመርኩት በቅርቡ ነው። ለነገ ሦስት ቃል ወረቀት ላይ እተዋለሁ። ዛሬ የተውኩት «ጥጃዋ፣ ዝናብ፣ አጥር» ይላል።