ካንዴላ ተቀይሮም ሞተሩ ከተንቀጠቀጠ

ስሮትል ቦዲው (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚመጥነው ክፍል) ተጠርጎ፣ ካንዴላና የአየር ፊልትሮ ተቀይሮ መኪናችሁ አሁንም ሚኒሞ ላይ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ ቆሞ ሲሠራ ማለት ነው፣ ይንቀጠቀጣል? ጅማ ሂርማታ ጋ ባጃጅ እስኪያልፍ ስትቆሙ መሪው እጃችሁ ላይ ይርገበገባል? ሌላ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ።

ሞተሩን አጥፉ። በ10 ቁልፍ የባትሪውን ነጌቲቭ፣ ጥቁሩን ገመድ ማለት ነው፣ ፈታችሁ 15 ደቂቃ ተዉት። ጫፉ ላይ ነጭ ዱቄት ካለ እግረ መንገዳችሁን አጽዱት። መልሳችሁ በደንብ አጥብቁ። ከዚያ ኤሲም መብራትም ሳትከፍቱ፣ ነዳጅ ሳትረግጡ 10 ደቂቃ ያህል አስነስታችሁ አቆዩት። መጀመሪያ ላይ ከፍ ዝቅ ቢል አትደንግጡ። ቀጥሎ በረጋ አነዳድ ከጅማ እስከ ሰቃ ከተማ ደርሳችሁ ተመለሱ።

የሞተሩ ኮምፒውተር ዕቃው ቆሽሾ ሳለ የለመደውን የአየርና የቤንዚን ልክ ይዞ ይቆያል። ኃይል ሲቋረጥበት፣ በብዙ መኪኖች፣ ያንን ይረሳና እንደ አዲስ ይለምዳል።

የቼክ ኢንጅን መብራት ከበራ ግን እባካችሁ ባትሪውን አትንኩ። የብልሽቱ ኮድ ይጠፋና መካኒኩ የሚይዘው ፍንጭ ያጣል። መጀመሪያ በማሽን ይነበብ። ሬዲዮው ኮድ የሚጠይቅ ከሆነም ቁጥሩን ቀድማችሁ ያዙ።