ጂፒኤስ ልትገዙ ነው? መንገዱ መዘጋጋቱን ከማን እንደሚሰማ መጀመሪያ ጠይቁ

ከአያት ሜክሲኮ፣ ከጀሞ ቦሌ ወይ ከቃሊቲ አራት ኪሎ በየቀኑ የምትመላለሱ ከሆነ «መጨናነቅ የሚያሳይ ጂፒኤስ የቱ ይሻላል?» ማለታችሁ አይቀርም። የዕቃውን ስም ለጊዜው ተዉት። ሱቅ ውስጥ የተደረደሩት ሁሉ ካርታ አላቸው፣ ሁሉም በቀኝ ታጠፍ በግራ ታጠፍ ይላሉ። መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ አሁን፣ በዚህች ደቂቃ፣ መገናኛ ላይ መኪና ቀጥ ብሎ መቆሙን ይሄ ዕቃ ከማን ይሰማል? ከማንም የማይሰማ ከሆነ አጭሩን መንገድ ይመርጥና ሰልፉ መሀል ይከታችኋል።

ሳተላይቱ ስለ መጨናነቅ የሚያውቀው ነገር የለም። ጂፒኤስ የሚነግራችሁ ያላችሁበትን ቦታ ብቻ ነው። የመንገዱ ወሬ የሚመጣው በሌላ በኩል ነው፣ በሬዲዮ ወይ በኢንተርኔት። አውሮፓ ውስጥ ቲኤምሲ የሚባል አሠራር አለ፤ መረጃው በኤፍ ኤም ሞገድ ላይ ተጭኖ ይላክና ዕቃው ያነበዋል። ጃፓኖች ደግሞ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቪክስ የሚባል የራሳቸው አላቸው። አዲስ አበባ ላይ ሁለቱም የሉም። ስለዚህ ከውጭ የመጣ ዘመድ ካርቶኑ ላይ «ትራፊክ» ተብሎ በትልቁ የተጻፈበት ጋርሚን ወይም ቶምቶም ይዞላችሁ ቢመጣ እግዜር ይስጠው በሉት፣ ግን የሬዲዮ ተቀባዩ እዚህ የሚቀበለው ነገር የለም። በስልካችሁ ኢንተርኔት የሚሠራ ዓይነት ከሆነም የትራፊክ አገልግሎቱ ኢትዮጵያን ማካተቱን አምራቹ ካወጣው ዝርዝር ላይ ሳታዩ ብር አታውጡበት።

የሚቀረው የኢንተርኔቱ መንገድ ነው። ጉግል ማፕ ላይ የምታዩት አረንጓዴ፣ ብርቱካንማና ቀይ መስመር የሚሠራው ሎኬሽን ከተከፈተባቸው ስልኮች ነው። ስልኮቹ የባለቤታቸው ማንነት ሳይገለጥ የት እንዳሉና በምን ፍጥነት እንደሚሄዱ ይልካሉ፣ ከዚያ መንገዱ ምን ያህል እንደተጨናነቀ ይሰላል። በ2020 እ.ኤ.አ. ሲሞን ቬከርት የሚባል ጀርመናዊ አርቲስት 99 ስልኮች በትንሽ ጋሪ ጭኖ በርሊን ውስጥ ቀስ እያለ ጎተተ። ጭር ያለው መንገድ ካርታው ላይ ቀይ ሆነ። በቃ፣ ነገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው።

ከዚህ የምትወስዱት፦ ቀለሙ የሚታመነው ስልክ የከፈተ ሹፌር በበዛበት መንገድ ላይ ነው። ቦሌ መንገድ፣ ሲኤምሲ፣ ቀለበት መንገድ ላይ ብዙ ሰው አለ፤ የራይድና የፈረስ ሹፌሮችም ቀኑን ሙሉ ካርታ ከፍተው ስለሚዞሩ ሳያውቁት ለሁላችንም ይሠራሉ። ሰፈር ውስጥ ያለው ኮብልስቶን ላይ ግን የሚናገር ስልክ ጥቂት ነው። እዚያ መስመሩ ቀለም ከሌለው መንገዱ ነፃ ነው ማለት አይደለም።

ዌዝ የሚባለው የካርታ መተግበሪያም በዚሁ መንገድ ይሠራል፤ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮም የጉግል ነው። ልዩነቱ ሹፌሮቹ ራሳቸው አደጋ አለ፣ መንገድ ተዘግቷል እያሉ ይጠቁማሉ። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ጠቋሚ ካለ። ካርታው ላይ ሌሎች ተጠቃሚዎች በትንንሽ ምስል ስለሚታዩ በሥራ መግቢያ ሰዓት ክፈቱትና የምትሄዱበት መስመር ላይ ስንት እንዳሉ ራሳችሁ ቁጠሩ። ሁለት ሦስት ብቻ ካያችሁ ለጊዜው ይቆይ። ኦርጋኒክ ማፕስን የመሰሉ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩት ደግሞ ለክፍለ ሀገር ጉዞ ግሩም ናቸው፣ ለመጨናነቅ ግን ምንም። ጉግል ማፕንም አውርዳችሁ ያለ ዳታ ከተጠቀማችሁ መንገድ ያሳያችኋል እንጂ ትራፊኩን አያሳያችሁም። ዳታ የግድ ነው። ደግነቱ ካርታ እንደ ቪዲዮ ዳታ አይበላም።

መኪናው ይዞት የመጣውስ? ከጃፓን የገባ ቪትዝ ላይ ያለው ስክሪን የሚያውቀው ጃፓንን ብቻ ነው፣ የሚያወራውም በጃፓንኛ። የአንዳንዱ ደግሞ ባትሪ ሲነቀል የካርታውን ኤስዲ ካርድ አምጡ እያለ ይቆለፋል፤ ካርዱ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ሬዲዮውም ቢሆን የጃፓን ሞገድ ዝቅተኛ ስለሆነ 102.1 ላይ ሸገርን ለመስማት ማስተካከያ ያስፈልገዋል። ስክሪኑን አስከፍታለሁ ብላችሁ ገንዘብ አትጨርሱ። አውጥታችሁ ቀይሩት።

የኤሌክትሪክ መኪኖቹ ነገር ይለያል። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ መኪና ወደ ሀገር እንዳይገባ መከልከሉን ካሳወቀ በኋላ ከተማው በእነሱ ተሞልቷል፣ ብዙዎቹም ለቻይና ገበያ የተሠሩ ናቸው። ስክሪናቸው ቴሌቪዥን ያክላል። ካርታው ግን የቻይና ነው፣ የጉግል አገልግሎትም የለውም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ቋንቋው ይቀየራል? የስልካችሁን ካርታ መኪናው ስክሪን ላይ የሚያወጣ ካርፕሌይ (ለአይፎን) ወይም አንድሮይድ አውቶ አለው? ከሌለውስ ጉግል ማፕ ተጭኖበት ሲሠራ ታሳየኛለህ? «ይጫናል» መልስ አይደለም። ተጭኖ፣ መስመሩ ቀልቶ እዩት። ሶፍትዌር እንቀይራለን የሚሉ ልጆች አሉ፣ ጎበዞችም አሉባቸው፤ ግን የመኪናው ዋስትና ላይ ምን እንደሚያመጣ አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

እንግዲህ ምን ይገዛ? በእኔ እምነት ለአብዛኛው ሰው ደህና ስልክ፣ ጠንካራ የስልክ መያዣና በፍጥነት የሚሞላ የመኪና ቻርጀር ይበቃል። መያዣው መስታወቱ ሥር ባይሆን ይመረጣል፤ የቀትር ፀሐይ ስልኩን ያግለውና ስክሪኑን ያደበዝዘዋል። የአየር ማስወጫው ላይ የሚገባው ይሻላል። ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት እንደሚያስቀጣ ታውቃላችሁ፣ ስለዚህ የምትሄዱበትን ከመነሳታችሁ በፊት አስገቡ።

ስክሪን ካማራችሁ በመኪናው ሬዲዮ ቦታ የሚገባ አንድሮይድ ስክሪን ግዙ። ሶማሌ ተራ ስትሄዱ ሻጩ ስለ ስፋቱና ስለ ኋላ ካሜራው ያወራችኋል፣ እናንተ ስለ ራሙ (የተከፈቱ ነገሮችን ስለሚይዘው ሚሞሪ) ጠይቁ። 2 ጊጋ የሆነው ካርታና ሙዚቃ አብረው ሲከፈቱ ይንቀራፈፋል፣ ቢያንስ 4 ይሁን። ሲም መግቢያ ከሌለው ከስልካችሁ ሆትስፖት እየከፈታችሁ ነው የምትኖሩት፣ ይሄ ደግሞ በሳምንቱ ይሰለቻል። ካርፕሌይ አለው ከተባላችሁ እዚያው ሱቁ ውስጥ የራሳችሁን ስልክ ሰክታችሁ ሞክሩት።

ባለሙያው ስክሪኑን ሲገጥምላችሁ ደግሞ አጠገቡ ቁሙ። ከስክሪኑ ጋር ረዘም ባለ ሽቦ የምትመጣ፣ ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ ጥቁር ነገር አለች፤ የጂፒኤስ አንቴናዋ ናት። ብዙዎቹ ቶሎ ለመጨረስ ከስክሪኑ ጀርባ ብረቱ መሀል ወትፈዋት ይዘጉታል። ያኔ መኪናችሁ ካርታው ላይ ስትዘል ትውላለች። ዳሽቦርዱ ላይ መስታወቱ ሥር፣ ሰማይ የሚያይ ቦታ ትለጠፍ። ይሄ ቀለበት መንገድ ላይ ዋጋ አለው። ዋናው መንገድና የጎኑ መንገድ በጥቂት ሜትር ነው የሚለያዩት፣ ጥሩ የሚባል ጂፒኤስም በሜዳ ላይ ወደ 5 ሜትር ገደማ ሊስት ይችላል። ዕቃው በጎን መንገዱ ላይ ናችሁ ብሎ ካሰበ «በቀኝ ታጠፍ» ይላል፣ እናንተ ግን አጥሩን እያያችሁ ታልፉታላችሁ፤ ከዚያ መዞሪያ ፍለጋ ነው። ጎተራ ማሳለጫ ላይም እንደዚያው፣ ከድልድዩ በላይ ይሁኑ በታች ይምታታበታል።

ከገዛችሁ በኋላ የምትለዩት በሥራ ቀን ነው። እሑድ ማንኛውም ጂፒኤስ ጎበዝ ነው። ማክሰኞ ወይ ረቡዕ ከጠዋቱ 1፡30 ላይ ሳትነሱ ክፈቱትና የሚላችሁን ደቂቃ ያዙ፣ ስትደርሱ አስተያዩት። ጉግል ማፕ ላይ የመድረሻ ሰዓት አስገብታችሁ መቼ ልነሳ ማለትም ይቻላል፤ እኔ ከሁሉም የምወደው ይሄን ነው፣ ምክንያቱም አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚያተርፈው መንገድ መቀየር ሳይሆን ሰዓት መቀየር ነው። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ሲከፈት ግን ግምቱን ብዙ አትመኑት፣ የክረምቱ ጭርታ ገና ከሂሳቡ ላይወጣ ይችላል።

ስትነዱ ቀለሙን ትታችሁ ደቂቃውን እዩ። ከአያት ስትመጡ ሲኤምሲ ቀይ ሆኖ በሰሚትና በጃክሮስ አድርጋችሁ ገርጂ ውጡ ቢላችሁ፣ የሚያተርፈው ሦስት ደቂቃ ከሆነ እንዳላያችሁ እለፉት። እናንተን የላከ ሌላውንም ይልካል። አሥር ደቂቃና ከዚያ በላይ ካለ ታጠፉ። ማታ ከሆነ ደግሞ ውስጥ ለውስጥ ከመግባታችሁ በፊት አስቡ፣ ካርታው የሰፈር ጥበቃ የዘጋውን በር አያውቅም። የኮሪደር ልማቱ የቀየራቸውን መታጠፊያዎችም ሁሉንም ገና አልተማራቸውም፤ ያለውን መታጠፊያ የለም፣ የሌለውን አለ ሲል ብትሰሙት አይግረማችሁ። ስህተቱን እዚያው መተግበሪያው ላይ መጠቆም ይቻላል።

የመስቀል ደመራ፣ ኢሬቻ፣ ታላቁ ሩጫና የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲኖር መንገድ ይዘጋል። ካርታው መዘጋቱን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ መኪኖቹ ቆመው ከቀሩ በኋላ ነው። ፖሊስ የሚዘጉትን መንገዶች ዝርዝር ቀደም ብሎ ስለሚያወጣ በዋዜማው ምሽት እዩት፣ በዚያ ቀን ስቴዲየምና መስቀል አደባባይን አስቀድማችሁ ከመንገዳችሁ አውጡ።