የልጆች ክፍል ቀለም ሲላጥ፣ መደርደሪያ ሲወድቅ፦ ለጅማ አዲስ ቤቶች ችግርና መፍትሄ

አዲስ ቤት ገብታችሁ የልጆቹን መኝታ ክፍል አሳምራችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ በመጀመሪያው ክረምት ግድግዳው ቢያብጥ፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የቀለሙ አይደለም። ጅማ ላይ ዝናቡ ከመጋቢት ገደማ ጀምሮ እስከ መስከረም ይመላለሳል፤ በዓመት 1500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይወርዳል። እዚህ ከተማ አንድ ክፍል ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ «ውሃው ከየት መጣ?» የሚለው ነው። ቀለም ቀቢ ከመጥራታችሁ በፊት ይህን ጥያቄ መልሱ፤ ካልሆነ በየዓመቱ ለአንድ ግድግዳ ሁለቴ ትከፍላላችሁ።

ከወለሉ አጠገብ ቀለሙ ያብጣል፣ ይላጣል፣ ነጭ ዱቄት ያወጣል

ይህ ከሁሉም በላይ የሚያስቸግረው ነው። ምክንያቱ ከሦስት አንዱ ነው፤ የሦስቱ መፍትሄ ደግሞ ይለያያል፤ ስለዚህ መጀመሪያ መለየት ያስፈልጋል።

አንደኛው ልስኑ ሳይደርቅ መቀባቱ ነው። የሲሚንቶ ልስን ቢያንስ 28 ቀን ይፈልጋል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የተለሰነ ግድግዳ ግን በዚህ ጊዜ ይደርቃል ብላችሁ አትቁጠሩ፤ ስድስት፣ ስምንት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። እርጥብ ልስን ላይ የተቀባ ቀለም ያብጣል ብቻ ሳይሆን ሲሚንቶው ውስጥ ያለው አልካሊ ቀለሙን «ያቃጥለዋል»፤ ሮዝና ሰማያዊው ቦታ ቦታ እየመረጠ ይገረጣል።

ሁለተኛው ከመሠረት ወደ ላይ የሚሳብ እርጥበት ነው። በአዌቱ ወንዝ ዳርና በቦዬ በኩል ባለው ረግረግ አጠገብ ያሉ ቤቶች በዚህ ይሰቃያሉ፤ ከፍ ያለው የጅሬን ወገን በአንጻሩ ይሻላል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ እድፉ ከወለል ተነስቶ አንድ ሜትር ሳይሞላ እንደ ሰንበር አግድም መስመር ሠርቶ ይቆማል፤ መስመሩ ላይ ነጭ ጨው ይታያል።

ሦስተኛው ከስር ኖራ ወይም የስቱኮ አቧራ መኖሩ ነው። እዚህ ቀለሙ አያብጥም፤ እንደ ቅርፊት ተነስቶ ይወድቃል። የወደቀውን ቁራጭ ገልብጣችሁ ጀርባውን በጣታችሁ ብታሹት ነጭ ዱቄት ይይዛችኋል።

ለመለየት የሚያስፈልገው አንድ ቁራጭ ላስቲክና ፕላስተር ብቻ ነው። 50 በ50 ሳንቲ የሆነ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ግድግዳው ላይ ለጥፉና አራቱንም ጠርዝ አየር እንዳያስገባ በፕላስተር ዝጉት። ከ24 ሰዓት በኋላ እዩት። ጠብታው በላስቲኩ የጀርባ በኩል፣ ማለትም በግድግዳው ወገን ከሆነ ውሃው ከግድግዳው ውስጥ ነው። በፊት ለፊቱ ከሆነ ደግሞ የክፍሉ እንፋሎት ነው፤ ይህን ከታች ስለ ሻጋታ በሚለው ክፍል እናየዋለን። ምንም ጠብታ ከሌለ ቀለም ይቀባል።

ልስኑ ብቻ ከሆነ መፍትሄው ትዕግሥት ነው። መስኮቱን ከፍቶ ማድረቅና ፈተናውን በየሁለት ሳምንቱ መድገም። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ፣ ገበሬው ቡናውን አልጋ ላይ የሚያሰጣበት ወቅት፣ ለግድግዳም ከሁሉ የተሻለ ማድረቂያ ነው። ልጆቹን ቶሎ ማስገባት ካለባችሁ ግድግዳውን ሳትቀቡ አስገቧቸው፤ ያልተቀባ ግድግዳ ማንንም አይጎዳም።

ከመሠረት የሚመጣ ከሆነ ሥራው የሚጀምረው ከውጭ ነው። ከግድግዳው ውጭ ያለው አፈር ወይም ሲሚንቶ ከቤቱ ወለል ከፍ ብሎ ከሆነ፣ ወለሉ ቢያንስ 15 ሳንቲ ከላይ እስኪሆን ድረስ አስቆፍራችሁ አውርዱት። የጣሪያው ውሃ በቀጥታ መሬት ላይ እየፈሰሰ ግድግዳውን የሚረጨው ከሆነ አሸንዳ አስገጥሙ፤ ውሃውንም በቦይ አርቁት። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ውስጥ የሚገባው። ከእድፉ መስመር 30 ሳንቲ ከፍ ብሎ ድረስ ልስኑን አስነሱት፤ ብሎኬቱ ገላጣ ሆኖ ይድረቅ። የሚወጣውን ጨው በደረቅ ቡርሽ ጥረጉት፤ በውሃ አትጠቡት፤ ውሃው ጨውን መልሶ ወደ ግድግዳው ያስገባዋል። ሲደርቅ በአንድ እጅ ሲሚንቶ ለሦስት እጅ አሸዋ መልሳችሁ ለስኑ። በዚህ የታችኛው ክፍል ጂፕሰምና ስቱኮ አይግባ፤ ሁለቱም እርጥበት ሲነካቸው ይላላሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳትበትን መናገር ያስፈልጋል። የተበላሸውን በፒቪሲ ሽፋን ወይም በሴራሚክ መሸፈን ችግሩን አያጠፋም። ከታች መውጫ ያጣ ውሃ ወደ ላይ ይወጣና በሚቀጥለው ክረምት ከሽፋኑ በላይ፣ በልጁ ትራስ ትክክል ይታያችኋል።

ኖራ ወይም አቧራ ከሆነ የላላውን ሁሉ በስፓቶላ ፋቁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አልስልሱ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉና ይድረቅ። የመጀመሪያው እጅ (ዙር ቅብ) ቀጠን ይበል፤ ለአንድ ሊትር ፕላስቲክ ቀለም ሩብ ሊትር ያህል ውሃ ይበቃል፤ ቀጭኑ ቀለም ወደ ውስጥ ገብቶ ይይዛል። ከዚያ ሁለት እጅ በወፍራሙ። በበጋ በሁለት እጅ መካከል አራት ሰዓት ያህል ይበቃል፤ በክረምት ግን አሳድሩት።

ስለ መጠኑ፦ ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር ተኩል የሆነ፣ ቁመቱ 2.80 የሆነ ክፍል በርና መስኮቱ ተቀንሶ ወደ 33 ካሬ ሜትር ግድግዳ አለው። አንድ ሊትር በአንድ እጅ ከ8 እስከ 10 ካሬ ስለሚሸፍን ለሁለት እጅ 8 ሊትር ያዙ፤ ለቀጭኑ የመጀመሪያ እጅ ደግሞ ርካሽ ነጭ ቀለም ለብቻ ግዙ።

ከቁም ሳጥኑ ጀርባና በማዕዘን ላይ ጥቁር ነጠብጣብ

ሻጋታ ነው። ሌሊት በሩና መስኮቱ ተዘግቶ ሁለት ሦስት ልጅ ሲተነፍስ፣ ክረምት ላይ ደግሞ ያልደረቀ ልብስ እዚያው ክፍል ውስጥ ሲሰጣ፣ እንፋሎቱ ቀዝቃዛውን የውጭ ግድግዳ ፈልጎ ውሃ ይሆናል። ቁም ሳጥኑ ከግድግዳው ጋር ከተጣበቀ አየር ስለማያገኝ መጀመሪያ እዚያ ይጀምራል።

ላዩ ላይ ቀለም መቀባት አይገድለውም፤ ከቀለሙ ስር አድጎ ተመልሶ ይወጣል። ልጆቹን ከክፍሉ አውጡ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ጓንት አጥልቁ። በአንድ እጅ በረኪና ለአስር እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ነጠብጣቡን በጨርቅ አርሱት፤ ሩብ ሰዓት ቆይታችሁ ጥረጉት። በረኪናን ከአሲድም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። በደረቁ አትፋቁት፤ አቧራው በክፍሉ ሁሉ ይበተናል፤ አስም ያለበት ልጅ ካለ ደግሞ ያስነሳበታል።

ከዚያ ቁም ሳጥኑን ከውጭ ግድግዳ ወደ ውስጥ ግድግዳ አዛውሩት። ቦታ ከሌለ 10 ሳንቲ ራቅ ይበልና ከስሩም አየር የሚያስገባ እግር ይኑረው። ጠዋት አልጋ ከተነጠፈ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል መስኮቱም በሩም ይከፈት፤ አንዱ ብቻ ቢከፈት አየሩ አይንቀሳቀስም። አልጋውንም እንዲሁ ከግድግዳው ነጥሉት፤ የስፖንጅ ፍራሽ ግድግዳ ከነካ ራሱ ይሻግታል።

መደርደሪያው ከነፊሸሩ (ብሎን ከሚገባበት የላስቲክ መያዣ) ተነቅሎ ወጣ

የብሎኬት ሆድ ባዶ ነው። የቅርፊቱ ውፍረት ሦስት ሳንቲ ገደማ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አየር ነው። ተራ ፊሸር የሚይዘው የልስኑንና የቅርፊቱን ጥቂት ክፍል ብቻ ነው። በመጽሐፍ የተሞላ አንድ ሜትር መደርደሪያ ደግሞ 20 ኪሎ ያልፋል፤ ልጁም ይንጠለጠልበታል። ይህን አይቀሬ ነው ብላችሁ ገምቱ።

ድሪሉ ላይ እየመታ እንዲበሳ የሚያደርገውን የመዶሻ ማብሪያ ዝጉት፤ እየመታ ከገባ ቅርፊቱን ከጀርባ ያፈርሰዋል። መሰርሰሪያው ድንገት «ዘው» ብሎ ከገባ ባዶው ላይ ናችሁ፤ እዚያ ከጀርባ የሚከፈተውን ዓይነት ብሎን ተጠቀሙ። ከሁሉ የተሻለው ግን ከግድግዳው ጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ሞራሌ (አራት ማዕዘን እንጨት) አግድም አስሮ ሞራሌውን በኮለኑ (በቋሚው ምሰሶ) ኮንክሪት ላይ መምታት፣ መደርደሪያውንም በሞራሌው ላይ ማሰር ነው። የተነቀለው ቀዳዳ ላይ ትልቅ ፊሸር መጨመር አይሠራም፤ በሲሚንቶ ደፍናችሁ አዲሱን ቢያንስ 10 ሳንቲ አርቃችሁ ብሱት። የጭቃ ቤት ከሆነ ብሎኑ ጭቃው ውስጥ ሳይሆን ቋሚው እንጨት ውስጥ ይግባ፤ ቋሚውን ግድግዳውን በመዶሻ ጫፍ ቀስ እያላችሁ በመምታት በድምፁ ታገኙታላችሁ።

ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ በቀጥታ ወደ ላይም ሆነ ወደ ታች አትብሱ፤ ሽቦው የሚያልፈው በዚያ ነው። ቁም ሳጥን ደግሞ ቆሞ ስለታየ ብቻ አይታመንም፤ ልጅ መሳቢያውን እንደ ደረጃ ሲወጣበት ይገለበጣል። ከላይ በሁለት አንግል ብረት ከግድግዳው ጋር እሰሩት። ከአልጋ ራስጌ በላይ መደርደሪያ አትስቀሉ።

ቀለሙ ሱቅ ያየነው አይደለም፤ ግድግዳውም ዥጉርጉር ሆነ

ዥጉርጉር የሚሆነው ጋሎኖቹ በተለያየ ጊዜ በእጅ ስለተበጠበጡ ነው። ሁሉንም በአንድ ትልቅ ባልዲ ቀላቅሉ፣ ከዚያ ጀምሩ። አንድ ግድግዳ ተጀምሮ መሃል ላይ አይቋረጥ፤ ቢቋረጥ ማዕዘን ላይ ይሁን። መልኩ የተለወጠው ደግሞ በመብራቱ ነው፤ ነጭ አምፖል ቢጫውን ያገረጣል፣ ቢጫ አምፖል ሰማያዊውን ወደ አረንጓዴ ይወስዳል። 50 በ50 ሳንቲ ሙከራ በሁለት ግድግዳ ላይ ቀብታችሁ ጠዋትም ማታም እዩት።

ስቲከሩ ይረግፋል

ቀለሙ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ተለጥፏል፣ ወይም ግድግዳው አቧራ አለው። ጠብቁ፣ ጥረጉ፣ ከመሃል ወደ ጠርዝ እየተጫናችሁ ለጥፉ። እርጥብ ግድግዳ ላይ ግን ምንም አይያዝም።

መሳቢያው በክረምት አይከፈትም፣ በበጋ ይንገጫገጫል

ጅማ በእንጨት ሥራዋ የታወቀች ከተማ ናት፤ የልጆቹን አልጋና ቁም ሳጥን ከዚሁ አናጺ ማሠራት የሚያኮራም የሚበጅም ነው። ችግሩ የሚመጣው እንጨቱ ጥሬ ሲሆን ነው። በአየር የሚደርቅ ጣውላ በየ2.5 ሳንቲ ውፍረቱ አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል። ስታዝዙ «መቼ የተሰነጠቀ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

የተሠራው ላይ ደግሞ ቫርኒሹን እዩ። ብዙውን ጊዜ የሚቀባው ፊቱ ብቻ ነው፤ የመሳቢያው ውስጥና የቁም ሳጥኑ ጀርባ ባዶ ስለሚቀር እርጥበቱን በዚያ ይጠጣል። በክረምት ጠበበ ብላችሁ በመላጊያ አታስልጉት፤ በበጋ ይሰፋባችኋል። የካቲት ላይ፣ ደርቆ ሳለ፣ ስድስቱንም ገጽ ቫርኒሽ አስቀቡት። የሚንሸራተትበትን ጠርዝ በሻማ እሹት።

ወለሉ ሊሾ ከሆነና ወንበሩ የሚወዛወዝ ከሆነ ከእግሩ ስር ካርቶን ከማጠፍ የጅማን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ግዙ። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ስለሆነ የሚላላ መገጣጠሚያ የለውም፤ ሦስት እግር ደግሞ ወለሉ ቢጎረብጥም አይወዛወዝም። ለሕፃን መቀመጫ ከዚህ የተሻለ አናውቅም።

ሽታው አይወጣም፤ ልጁ ራሱን ያመዋል

በፕላስቲክ ቀለም የተቀባ ክፍል ሁለት ሦስት ቀን ተከፍቶ ይደር። በዘይት ቀለምና በአኳራጅ የተሠራ በርና አልጋ ቢያንስ ሳምንት ይፈልጋል። ከኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት በሙጫ ተጨምቆ ከተሠራ ሰሌዳ) የተሠራ ዕቃ ከሆነ ሽታው በብዛት የሚወጣው ከተቆረጠው ጠርዝ ነው፤ ጠርዙን በቫርኒሽ ዝጉት።

ከሽታው በላይ የሚያሳስበው ግን ቀለም ውስጥ የሚገባው እርሳስ (ሊድ) የተባለው መርዛማ ብረት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለቀለም የሚመክረው ከፍተኛ የእርሳስ መጠን 90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 90) ነው። ጥርስ የሚያወጣ ልጅ የአልጋውን ጠርዝና የመስኮቱን ደፍ ይነክሳል። ለእነዚህ ቦታዎች ጣሳው ላይ «እርሳስ የሌለበት» የሚል የተጻፈበትን ብቻ ግዙ፤ በተለይ ደማቅ ቢጫና ቀይ የዘይት ቀለም ሲሆን ተጠንቀቁ። ከሌላ ቤት የመጣ አሮጌ የተቀባ አልጋ በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፋቅ፤ እየረጠበ ይፋቅ፣ ፍቅፋቂውም ተጠቅልሎ ይጣል።

አጎበሩ ይወድቃል፣ የላይኛው አልጋ ያሰጋል

ጅማ ወባ ያለበት አካባቢ ስለሆነ አጎበር ጌጥ አይደለም። የሚወድቀው መንጠቆው የኮርኒሱ ቺፑድ (ስስ ሰሌዳ) ላይ ስለተሰካ ነው። ኮርኒሱን አንኳኩና ድምፁ የሚደነድንበትን ቦታ፣ ከላይ ያለውን ሞራሌ ፈልጉ፤ መንጠቆውን እዚያ ስኩት። ጠርዙ ከፍራሹ ስር ይታጠፍ።

ተደራራቢ አልጋ ላይ መከላከያው ከፍራሹ የላይኛው ገጽ ቢያንስ 16 ሳንቲ ከፍ ይበል። ብዙ ጊዜ አናጺው በትክክል ይሠራዋል፤ ቤተሰቡ ግን ባለ 10 ሳንቲ ፍራሽ በታሰበበት አልጋ ላይ ባለ 20 ሳንቲ ያስገባል፤ መከላከያው ከነትርጉሙ ይጠፋል። የፍራሹን ውፍረት ለአናጺው አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ፍራሹ ቀድሞ ከተገዛ ደግሞ ከአልጋው ጎን ላይ ሌላ ጣውላ አስጨምሩ። ከፍራሹ እስከ ኮርኒሱ 80 ሳንቲ ይቅር፣ ከስድስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ደግሞ ታች ይተኛ።