ዐውድ የሚለይ ደንብ ፈቺ በፕሮሎግ

አንድ በር ቀን ይከፈታል፣ ሌሊት ግን አይከፈትም። ደንቡ ሳይቀየር መልሱ የሚቀየረው ዐውዱ ስለተቀየረ ነው። ለዚህ ትልቅ ሲስተም አያስፈልግም፤ ዐውዱን እንደ አንድ አርጉመንት (አብሮ የሚሰጥ ግብዓት) ይዞ የሚዞር፣ በፕሮሎግ (በሎጂክ ደንቦች በሚሠራ የፕሮግራም ቋንቋ) የተጻፈ ባለ 6 መስመር ፈቺ ይበቃል። «:-» «… ከሆነ»፣ «\+» ደግሞ «ካልተፈታ» ማለት ነው፦

ፍታ(_, እውነት).
ፍታ(_ዐ, (_ሀ, _ለ)) :- ፍታ(_ዐ, _ሀ), ፍታ(_ዐ, _ለ).
ፍታ(_ዐ, ካልሆነ(_ግ)) :- \+ ፍታ(_ዐ, _ግ).
ፍታ(_ዐ, _ግ) :- ፈልግ(_ዐ, _ግ, _አ), ፍታ(_ዐ, _አ).
ፈልግ(_ዐ, _ግ, _አ) :- ሕግ(_ዐ, _ግ, _አ).
ፈልግ(_ዐ, _ግ, _አ) :- ወላጅ(_ዐ, _ላ), ፈልግ(_ላ, _ግ, _አ).

በፕሮሎግ ተለዋዋጭ (ዋጋው ሲፈታ የሚሞላ ስም) በትልቅ ፊደል ወይም በሰረዝ (_) ይጀምራል፤ የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው የእኛ ተለዋዋጮች በሰረዝ ይጀምራሉ። በአራት ነጥብና በነጠላ ሰረዝ ፈንታ የላቲኑን ነጥብና ኮማ ተጠቀሙ፤ አለዚያ ፋይሉ አይጫንም።

መሞከሪያ ደንቦች («ወላጅ» የመጀመሪያው ዐውድ የሁለተኛውን ደንቦች እንደሚወርስ ይናገራል፤ «ሕግ» ዐውዱን፣ የሚፈታውን ጥያቄና አካሉን ማለትም መሟላት ያለበትን ይይዛል)፦

ወላጅ(ሌሊት, መደበኛ).
ሕግ(መደበኛ, በር(ምሥራቅ), እውነት).
ሕግ(መደበኛ, በር(ምዕራብ), እውነት).
ሕግ(መደበኛ, ይከፈታል(_በ), (በር(_በ), ካልሆነ(ተቆልፏል(_በ)))).
ሕግ(ሌሊት, ተቆልፏል(ምዕራብ), እውነት).

«ፍታ(መደበኛ, ይከፈታል(_በ)).» ሁለቱንም በሮች ይሰጣል፤ «ሌሊት» ብላችሁ ስትጠይቁ ምሥራቅ ብቻ ይቀራል።

ቁልፉ ነገር አራተኛው መስመር ላይ ነው። ደንቡ ከወላጅ ቢገኝም አካሉ የሚፈታው ጥያቄው በተነሣበት ዐውድ ነው። ብዙ ሰው ፍለጋውንና መፍታቱን አንድ ላይ አድርጎ ወደ ወላጅ ያሻግራል። ያኔ «ይከፈታል» በመደበኛ ውስጥ ይፈታና የሌሊቱን ቁልፍ ሳያይ ሁለቱንም በሮች ይከፍታል። ልብ በሉ፣ እዚህ የልጅ ዐውድ በወላጁ ላይ ይጨምራል እንጂ የወላጁን ደንብ አይሽርም።

ሁለተኛው ወጥመድ የቅደም ተከተል ነው። «ካልሆነ» ከ«በር» ቀድሞ ቢጻፍ _በ ገና ባዶ ስለሆነ ጥያቄው «የተቆለፈ በር አለ ወይ?» ይሆናል። አንድ ስላለ የሌሊቱ መልስ ባዶ ይወጣል። በመደበኛ ዐውድ ግን የተቆለፈ በር ስለሌለ ስሕተቱ አይታይም፤ ስለዚህ ሙከራውን በየዐውዱ አድርጉ።

ዐውዶች በክብ ከተወላለዱ ደግሞ ፍለጋው አያልቅም። «ወላጅ»ን ዛፍ ብቻ አድርጉት።

የሚያደናግረው የፊደላችን ጣጣ ነው፦ ለፕሮሎግ «ምዕራብ» እና «ምእራብ» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቁልፉን «ተቆልፏል(ምእራብ)» ብላችሁ ከጻፋችሁ ማስጠንቀቂያ አይመጣም፤ «ካልሆነ» ያልተገኘውን እንደ ሐሰት ስለሚቆጥር የምዕራቡ በር ሌሊቱን ሙሉ ይከፈታል።